ለልምድ ልውውጡ እየተዘጋጀሁ ነው

ወደ አሜሪካ ለሚደረገው የወጣት መሪዎች የልምድ ልውውጥ ከተመረጥኩ ወዲህ ብዙዎች የሚጠይቁኝ ስለ ቪዛው ነው። አካሄዱ ግልጽ ነው፤ ዲኤስ 2019 የተባለው፣ የልውውጡ አዘጋጅ የሚሰጠው የተሳትፎ ማረጋገጫ ቅጽ ከደረሰኝ በኋላ ለጄ 1 ቪዛ፣ ማለትም ለልውውጥ ተሳታፊዎች ለሚሰጠው ቪዛ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ እቀርባለሁ። ወጪው በመንግሥት የሚሸፈንለት ተሳታፊ ለሥራ ወይም ለቋሚ ኑሮ ወደዚያ ከመመለሱ በፊት በአገሩ ሁለት ዓመት መቆየት አለበት። አንዳንዶች ይህን እንደ እንቅፋት ያዩታል፤ እኔ ግን የተማርነው ሊሠራበት የሚገባው እዚሁ ስለሆነ ተገቢ ነው እላለሁ።

ከቅጹ ይልቅ ጊዜዬን የወሰደው ሥራችንን በጽሑፍ ማስረዳት ነው። ለጎንደር ውኃ የሚያቀርበው የአንገረብ ግድብ በደለል ምክንያት አቅሙ መቀነሱ የታወቀ ነው፤ እኛ በቡድን የተሰባሰብን ወጣቶችም ከግድቡ በላይ ባሉት ተዳፋቶች ከገበሬዎች ጋር እርከን እንሠራለን፣ ችግኝ እንተክላለን። ወጣቶቹን መጀመሪያ ያሰባሰባቸው ግን ፕሮጀክት አይደለም። በጥምቀት ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ መንገድ የሚጠርጉት፣ ምንጣፍ የሚያነጥፉት፣ ለዚህም ከየቤቱ መዋጮ የሚሰበስቡት እነዚሁ ልጆች ናቸው፤ ኃላፊነት መከፋፈልንና ለሰበሰቡት ገንዘብ በሰው ፊት ሒሳብ ማቅረብን የለመዱት በዚያ ነው። የእድር ሽማግሌዎች ድጋፍም በጽሑፌ ውስጥ ተገቢውን ቦታ እንዲያገኝ እጠነቀቃለሁ፤ ያለ እነርሱ ምክር ከገበሬዎቹ ጋር መግባባት ባልቻልን ነበር።

ጉዞው ከችግኝ ተከላው ወቅት ጋር ስለሚገጥም መዝገቡንና የገንዘብ ሰነዱን ለምክትሌ እያስረከብኩ ነው። እዚያ ስደርስ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ በጎ ፈቃደኞች ሲደክሙ ወይም ሲለቁ ሥራው እንዳይቋረጥ ምን እንደሚያደርጉ ነው።