«ወራጅ አለ»፦ የማኅበራዊ ጭንቀት ልምምድ መዝገብ፣ ከሳምንት 1 እስከ 8

ሳምንት 1። ደብተር ብቻ። አምስት ዓምድ ይሰመራል፦ ቀን፣ የሚሞከረው ነገር፣ ግምት፣ የፍርሃት መጠን ከ100፣ በትክክል የሆነው። ግምቱ ከቤት ሳይወጣ ይጻፍ፤ ተመልሶ የሚጻፍ ግምት ከሆነው ነገር ጋር መስማማቱ አይቀርም። የሚቆጠርም ይሁን። «ይስቁብኛል» አይቆጠርም፤ «ከሦስት ሰው በላይ ዞሮ ያየኛል» ይቆጠራል።

ሳምንት 2 እና 3፣ ታክሲ። «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶት ሁለት ፌርማታ አልፎ በእግሩ የሚመለስ ሰው ጥቂት አይደለም። ለልምምድ ግን ከዚህ የተሻለ የለም፤ በቀን ደጋግሞ ይገኛል፣ አምስት ሰከንድ አይፈጅም። መሰላሉ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ በቅንፍ ያለው የፍርሃት መጠን ነው፦ ረዳቱ አጠገብ ተቀምጦ መናገር (30)፣ ከመሃል ወንበር (45)፣ ከኋላ ወንበር ሬዲዮው እየጮኸ (60)፣ ረዳቱ ሳይሰማ ሲቀር ድምፅ ከፍ አድርጎ መድገም (75)። ቁጥሩ የየሰው ነው። አንዱ ደረጃ ፍርሃቱ ወደ ግማሽ እስኪወርድ ይደጋገም።

ተደጋግሞም ለውጥ ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመሸሸጊያ ነው፤ ሌላ ተሳፋሪ እስኪናገር መጠበቅ፣ ስልክ ጆሮ ላይ መለጠፍ፣ ሁለቱን ቃል በልብ አሥር ጊዜ ማጥናት። ሰውየው በሰላም ይወርዳል፤ አእምሮው ግን «ያዳነኝ ስልኩ ነው» ብሎ ይይዛል። ስለዚህ ስድስተኛ ዓምድ ይጨመር፦ «በምን ተሸሸግኩ?» በምርቃና ወይም በሁለት ቢራ የተገኘ ድፍረትም እዚያ ነው የሚገባው።

ሳምንት 4 እና 5፣ ቡና። እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ሲኒውን ጨምቆ መያዝ ያባብሰዋል፤ የተወጠረ ጡንቻ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል። እስከ አፉ ይሞላ፣ በአንድ እጅ ላላ ተደርጎ ይያዝ። በሚቀጥለው ጊዜ ሆን ተብሎ ጥቂት ይፍሰስና ስንት ሰው እንደተናገረ ይቆጠር። ዓይን ከእጅ ላይ ይነሣ። ጨዋታው ስለምን እንደነበር በኋላ መጻፍ ካልተቻለ፣ ሐሳቡ ሁሉ ሲኒው ላይ ነበር ማለት ነው።

ማታ «ምን ነክቶኝ ነው እንዲያ ያልኩት» እያሉ ማመንዠግ የቀኑን ሥራ ያፈርሰዋል። የሆነውን በሁለት መስመር ጽፎ ደብተሩን መዝጋት ይሻላል።

ለውጥ በየቀኑ አይለካ። የማኅበራዊ ጭንቀት መለኪያ የሆነው የሊቦዊትዝ መጠይቅ 24 ሁኔታዎችን ይዟል፤ ለእያንዳንዱ ፍርሃትና ሽሽት ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፣ ድምሩ እስከ 144 ይደርሳል። በ4ኛውና በ8ኛው ሳምንት መሙላት ይበቃል።

መድኃኒት። የሚያዘው ሐኪም ነው። ሰርትራሊን፣ ለድብርትና ለጭንቀት በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜ በ25 ወይም በ50 ሚሊግራም ይጀመራል። መጀመሪያ ላይ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ጭንቀቱም ሊብስ ይችላል፤ ተስፋ ቆርጦ መተው የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ጥቅሙ የሚታየው ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ሲዘገይ እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ነው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ። በአንዴ ማቋረጥ ራስ ያዞራል፣ ይረብሻል፤ ሲቆም ቀስ በቀስ ነው። ፕሮፕራኖሎል ለመድረክ ነው፤ የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ያበርዳል፣ ሐሳቡን አይነካም፣ አስም ላለበትም አይሆንም። ዳያዜፓም ፈጥኖ ያረጋጋል፣ ሲደጋገም ግን ሱስ ያስይዛል።

ሰርትራሊን የጀመረ ሰው ደብተሩን አያቁም፤ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ሐኪሙ «ለውጥ አለ?» ሲል የሚገለጠው አራተኛው ዓምድ ነው።