ቮልስ ወይስ ሱዙኪ?

የእህቴ ልጅ የክንፉን አጥንት ጨርሷል። ጨርቅ ማልበስ ነው የቀረው። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከእንጨትና ከጨርቅ የምትሠራ ትንሽ አውሮፕላን ናት። ሰሞኑን የሚያጨቃጭቀን ሞተሩ ነው። እሱ መሐንዲስ ነው፤ ሞተር ሲያይ መጀመሪያ የሚያነበው ጉልበቱን ነው። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ስለሆነ መጀመሪያ የሚታየኝ የሚበላሽበት ቦታ ነው።

ወሬው ሰፈር ውስጥ ስለተሰማ አስተያየት የማይሰጥ የለም። አንድ ጎረቤታችን ቡና ላይ «የባጃጅ ሞተር አትሞክሩም እንዴ?» አለን። ሳቅን። ሰውዬው ግን የምሩን ነው። የራይት ወንድማማቾች 12 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር መብረራቸውን ሰምቷል። ባጃጅ 10 ገደማ አለው። ሁለት ፈረስ ቢጎድል ምን ይላል ነው ነገሩ።

ወላሂ፣ ደህና ጥያቄ ነበር። ራይቶች እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1903 የበረሩት ባሕር አጠገብ፣ አሸዋ ላይ ነው። ብርድ ነበር። ኃይለኛ ንፋስም ፊት ለፊት እየመጣ ያግዛቸው ነበር። አየሩ ወፍራም ነው፤ ክንፉም፣ ፕሮፔለሩም፣ ሞተሩም ጠግበው ይበላሉ። እኛ ያለነው ወሎ ነው።

የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,860 ሜትር ገደማ ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። ያኔ ሞተሩ የሚያገኘው አየር በመደበኛ ቀን 2,800 ሜትር አካባቢ የሚገኘውን ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ የሚያስገባለት መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር እዚያ ላይ ከጉልበቱ ሩቡን፣ እንዲያውም ትንሽ በለጥ አድርጎ ያጣል። ወረቀቱ ላይ 80 ፈረስ የሚል ሞተር የሚሰጠን 58 ገደማ ነው።

ይሄ ለወሎ ሹፌር አዲስ ነገር አይደለም። ጭኖ የሐረጎን ዳገት የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ሹፌር ማርሽ ይቀንሳል፤ ሲብስበት ጥጉን ይዞ ጎማው ላይ ድንጋይ ያስደግፋል። አውሮፕላን ድንጋይ የሚያስደግፍበት ቦታ የለውም።

ለልጁ በወረቀት አሰላሁለት። አውሮፕላኗ ሳትወጣ ሳትወርድ ቀጥ ብላ ለመሄድ 35 ፈረስ ትፈልጋለች እንበል። ሞተሩ 80 ከሰጠ 45 ይተርፋል። ሽቅብ የሚያወጣት ይሄ ትርፍ ብቻ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ 80ው 58 ሆነ፤ ትርፉ 23 ቀረ። ጉልበቱ በሩብ ሲቀንስ የመውጣት አቅሟ በግማሽ ወረደ ማለት ነው። በዚያ ላይ በሳሳ አየር ክንፉ እንዲሸከማት ፈጠን ብላ መሄድ ስላለባት 35ቱ ራሱ ወደ 40 ይጠጋል። ኮምቦልቻ ደግሞ ዙሪያዋ ተራራ ነው። ልጁ ወረቀቱን ደጋግሞ አየና «ጋሼ፣ የባጃጁን ነገር ለሰውዬው አንቱ ይንገሩልኝ» አለኝ።

ገንዘብ ቢኖረን ጭቅጭቁም ባልኖረ። የኦስትሪያው ሮታክስ 912 ለዚሁ ሥራ የተሠራ ሞተር ነው። ባለ 80ም ባለ 100ም ፈረስ አለው። 60 ኪሎ ገደማ ነው የሚመዝነው። ለያንዳንዱ ሲሊንደር ቤንዚኑን የሚለኩስ ሁለት ካንዴላ አለው፤ የመኪና ቤንዚን ይጠጣል፤ ካርቡራተሮቹ ከፍታው ሲጨምር ቤንዚኑን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ቱርቦ ያለው ወንድሙ 914 ከሆነ የእኛ ደጋ ብዙም አያስፈራውም። ዋጋው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው። ዋጋውን ያየን ቀን ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተና ሻይ አዘዘ። በቃ፣ እዚያው ላይ አለፍነው።

የእሱ ልብ ያለው ሱዙኪ ላይ ነው። ባለሦስት ሲሊንደሯ፣ 998 ሲሲዋ። መለዋወጫዋ ደሴም ኮምቦልቻም አይጠፋም ይላል። ኮምፒውተሯ የአየሩን ግፊት ለክቶ ቤንዚኑን ያስተካክላል። ይሄን አልክድም፤ ለደጋ ትልቅ ነገር ነው። 67 ፈረስ ገደማ አላት። የምትሰጠው ግን በደቂቃ 5,500 ዙር ላይ ነው። ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ፕሮፔለር በቀጥታ ብናስርባት ጫፉ በሰከንድ ከ430 ሜትር በላይ ይሮጣል። ድምፅ እንኳ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ጫፉ ከዚያ ሲያልፍ የሞተሩ ጉልበት ጩኸት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ዙሩን የሚቀንስ ማርሽ ወይም ጥርስ ያለው ቺንጋ መሀል ላይ ይገባል። የእኔ ጭንቀት እሱ ነው። ሦስቱ ፒስተኖች በየተራ ሲመቱ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ ትንሽ እየተጠመዘዘ ይመለሳል። መኪና ላይ ፍሪሲዮኑም ጎማውም ያበርዱታል። ፕሮፔለር ግን ከባድ ነው፤ በቶሎ እሺ አይልም። የሞተሩ ምትና የፕሮፔለሩ ንዝረት አንድ ዙር ላይ ከተገጣጠሙ ወይ ዘንጉ ወይ ጥርሱ ይሄዳል። ጥርሱን የእኛ ቶርኖ ቤት ይቆርጠዋል። ንዝረቱን ግን በምን እንለካዋለን? ባትሪውም አለ። ኤሌክትሪኩ ከጠፋ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ ከጠፋ ሞተሩ ይጠፋል።

እኔ ቮልስ ነኝ። ራዲያተር የለ፣ ውሃ የለ። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተኝተዋል። ፕሮፔለሩ በቀጥታ ክራንክ ሻፍቱ ላይ ይታሰራል። አውሮፓ ውስጥ ትንንሽ አውሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚህ ሞተር ሲበሩ ኖረዋል። የመኪና ሞተር ወደ ሰማይ መውጣቱማ ከዚያም በፊት ነው፤ አሜሪካዊው በርናርድ ፒተንፖል እ.ኤ.አ. በ1929 የፎርድን «ሞዴል ኤ» መኪና ሞተር አስሮ በርሯል። እኛም አገር አስመላሽ ዘፈሩ በገዛ እጁ ለሠራት ኬ-570ኤ ለተባለች አውሮፕላን የወሰደው የቮልስ ሞተር ነው። ለነገሩ ያቺ «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን እንኳ፣ ደሴ በጣሊያን ቦምብ በተደበደበችበት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የበረረችው፣ አካሏ እዚሁ ተሠራ እንጂ ሞተሯ የቼክ ነበር፤ ሰባት ሲሊንደር፣ 115 ፈረስ። ልጁ «በሰው ሞተር ምን ኩራት አለ» ሲለኝ ይቺን አነሳበታለሁ።

የቮልሱ 1,584 ሲሲ እንዳለ አይበቃንም። ትልልቅ ፒስተንና ረዘም ያለ ምት ያለው ክራንክ ሻፍት ገብቶለት 2,180 ሲሲ ሲሆን በ3,400 ዙር 80 ፈረስ ይደርሳል። ከላይ ያሰላሁት 80 እሱ ነው።

ሰሞኑን አንድ ጋራዥ የተቀመጠ አሮጌ የቮልስ ሞተር ልናይ ሄድን። ቴስታታውን፣ የሲሊንደሮቹን ክዳን፣ ፈታነው። በቤንዚን አጠብኩት፤ በጨርቅ ጥርግ አድርጌ አደረቅኩት፤ ወደ ብርሃን አዞርኩና ዓይኔን አስጠግቼ ጠበቅሁ። ከካንዴላው ቀዳዳ እስከ ቫልቩ መቀመጫ ድረስ አንዲት ቀጭን መስመር እንደገና ወዛች። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ቤንዚን ነው። ሜካኒኩ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ይነዳል። ስንቱ እንዲህ ሆኖ እየሠራ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለመኪና ይሠራል። መኪና ሜዳ ላይ ስትሄድ የምትጠቀመው ከሞተሯ ጉልበት ትንሹን ነው። አውሮፕላን ስትነሳ ሙሉውን ትፈልጋለች፤ ከተነሳች በኋላም ሦስት አራተኛውን ያለ እረፍት። ሙቀቱ የሚበረታው ያኔ ነው፤ የሚያቀዘቅዘው አየር ደግሞ የሳሳ ነው። ሞተሩን ሳንገዛ ተመለስን። ልጁ መንገዱን ሙሉ አላናገረኝም።

ሌላው ራስ ምታት ቤንዚን ነው። የአውሮፕላን ቤንዚን መንገድ ዳር ያለ ማደያ አይሸጥም። የመኪናው ሰልፍ ደግሞ ይታወቃል። ሰልፉን የሸሸ በሃይላንድ የተሞላውን ይገዛል፤ ምን እንደተቀላቀለበት አላህ ይወቀው። ባጃጅ በሱ ቢያስነጥስ ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። እኛ ከማደያ በቀጥታ ቀድተን፣ በጥሩ ማጣሪያ አሳልፈን፣ ውሃ ከሥር መዝቀጡን በብርጭቆ አይተን ነው የምንጠቀመው። ቱቦውም ከማርሚታው መራቅ አለበት። ከፍታ ላይ ቤንዚን በትንሽ ሙቀት ስለሚተን ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ሆኖ መንገዱን ይዘጋል።

ትናንት ማታ ቁርጡን ተነጋገርን። ቮልስ ይሆናል፤ ግን በእኔ ሁኔታ። ቴስታታው አዲስ ይሁን። ለያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለተኛ ካንዴላ ይግባ፤ አንዱ መስመር ሲጠፋ ሌላው እንዲይዝ። በየቴስታታው የሙቀት መለኪያ ይታሰር። ክንፍ ከማየቱ በፊት ሞተሩ መሬት ላይ በብረት ታስሮ፣ ፕሮፔለሩን ይዞ፣ ቀትር ላይ ለብዙ ሰዓት ይሥራ። ሲቪል አቪዬሽን ሳይፈቅድ ደግሞ ጎማዋ ከመሬት አይነሳም። ይቺን የመጨረሻዋን እናቱ ፊት ቃል አስገብቼዋለሁ።

«ሱዙኪዋስ ጋሼ?» አለኝ።

«ሱዙኪዋን ታክሲ አድርጋትና የቴስታታውን ዋጋ ታምጣልን» አልኩት።

አልሳቀም። አዲስ ቴስታታ እዚህ ስለማይገኝ ከውጭ የሚያመጣልን መንገደኛ እያፈላለግን ነው። ሁለቱ ቴስታታ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ክራንክ ሻፍቱን ግን ማን እሺ ብሎ ይሸከመዋል?