የድሮው መዝገበ ቃላት በሊኑክስ ላይ

አሮጌው ላፕቶፕ አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም ስላቃተው ሊኑክስ የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ጫንሁበት። ፍጥነቱ ተመለሰለት፤ የጎደለኝ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራው የግእዝና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነበር። ያለ እርሱ መሥራት አልችልም። አጎቴም ከበአታ ሲመለሱ ፒያሳ ወዳለው ቤቴ ጎራ ብለው፣ «እስቲ አንድ ቃል እይልኝ» ማለት ልማዳቸው ነው።

ዛሬ ዋይን በሚባለው ነጻ ፕሮግራም አስነሣሁት። ዋይን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው። አሠራሩን እወድደዋለሁ፦ ሁለተኛ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩ ውስጥ አያስቀምጥም። መዝገበ ቃላቱ ፋይል እንዲከፈትለት ወይም መስኮት እንዲዘረጋለት ዊንዶውስን ሲጠይቅ፣ ዋይን ጥያቄውን ተቀብሎ በሊኑክስ ያስፈጽምለታል። ለዚህ ደካማ ላፕቶፕ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

መስኮቱ ወዲያው ተከፈተ። ነገር ግን ግእዙ ሁሉ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ታየኝ፤ ደነገጥሁ። ምክንያቱ ከዋይን አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩ ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ይህም መዝገበ ቃላት የተጻፈው በዚያ ዘዴ ነው። ስለዚህ ሊኑክስ ላይ ያሉት አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት የዩኒኮድ ፎንቶች ምንም አይረዱትም፤ የራሱን ፎንት ይፈልጋል። ከፕሮግራሙ ሲዲ ላይ አውጥቼ፣ ዋይን «ድራይቭ ሲ» ብሎ በፈጠረው ፎልደር፣ በዊንዶውስ ሥር ባለው የፎንቶች ማስቀመጫ ውስጥ ገለበጥሁት። ፕሮግራሙን ዘግቼ ስከፍት ፊደሉ ጥርት ብሎ መጣ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

መፈለጊያው ሳጥን ግን በዩኒኮድ የምጽፈውን አይቀበልም። በግራ ካለው ዝርዝር በፊደል ተራ እየወረድሁ እፈልጋለሁ። አጎቴ ይህ አልከበዳቸውም፤ «በብራናውም በወረቀቱም እንዲሁ ነው፤ ዝቅ በል ልጄ» እያሉ የጎረቤቱን ቃል ሁሉ አስነበቡኝ።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ይህን ያህል የሰው ድካም በአንድ ፕሮግራምና በአንድ ፎንት ውስጥ ተቆልፎ መቅረት የለበትም። ቃላቱ ወደ ዩኒኮድ ቢገለበጡ ጎልደንዲክት የተባለው የመዝገበ ቃላት ማንበቢያ ፕሮግራም በሊኑክስም በዊንዶውስም ይከፍታቸው ነበር፤ ፍለጋውም ይስተካከላል። አዘጋጁን ፈቃድ ልጠይቅ ደብዳቤ ጽፌአለሁ። እስከዚያው የድሮውን ፎንት ቦታዎች ከዩኒኮድ ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ጀምሬአለሁ፤ ሀ፣ ለ እና ሐ ከነቤተሰባቸው ተሞልተዋል፤ ነገ ከመ እቀጥላለሁ።