ጅረቱን ከሜዳው ጋር ያስታረቅንበት መንገድ

ፎገራ ላይ ስለ ዓሣ ማውራት ከባድ ነው። ወሬው ሁሉ ሩዝ ነው። አይፈረድም፤ ሩዝ የብዙ ሰው ቤት ቆርቆሮ አልብሷል፣ ልጅ አስተምሯል። የእኔ ሥራ ግን ዓሣ ነው። በዓሣ ሀብት ባለሙያነት ከተቀጠርኩ ጀምሮ እንጀራዬም ሐሳቤም እሱ ነው።

ወደ ጉማራ ወንዝ የሚገባ አንድ ትንሽ ጅረት አለ። ከዳር ዳሩ ገበሬዎች ጋር ሆነን፣ ድሮ ክረምት ክረምት ውሃው ይተኛበት የነበረውን ሜዳ መልሰን ከፍተንለታል። ከሌላ ወረዳ የሚመጡ ባልደረቦቼ እንዴት እንደሠራነው ይጠይቁኛል። ቆሜ የምነግራቸው ሁልጊዜ ግማሹን ስለሆነ እዚህ ላስፍረው።

መጀመሪያ ግን ሜዳው ለዓሣ ምን ያደርጋል? አምባዛ የሚባለውን ባለ ጢም ዓሣ እንውሰድ። ሰኔ ላይ ከባድ ዝናብ መውረድ ሲጀምር ከጣና ይነሣና በወንዙ ሽቅብ ይመጣል። የሚፈልገው ገና ውሃ የሸፈነውን ሣር ነው። እንቁላሉን እዚያ ይጥላል፣ እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይጣበቃል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ጫጩቱ የሚበላው ደቃቅ ነፍሳትም የሚበዛው እዚያው ሞቅ ያለና ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ነው። ቆሮሶም (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ጥግ ይወዳል። ወንዱ ዳር ላይ ጭቃውን እየጫረ ጎጆ ያበጃል፣ ሴቷ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች።

ነጭ ዓሣ ጠባዩ ሌላ ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ጣና ውስጥ 15 ዝርያዎቹ ተለይተው ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ለይቶ ስላስቀራቸው እዚሁ ሐይቁ ውስጥ ብቻቸውን የኖሩ ናቸው። ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ወደ ገባሮቻቸው ወጥተው ንጹሕ ውሃ የሚፈስበት ጠጠር ላይ ይራባሉ። ወንዝ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ የሚጠብቃቸውም ያኔ ነው። በፈረንጆቹ 1991 እና 2001 መካከል ብቻ ቁጥራቸው በ75 በመቶ ገደማ መውረዱ ተጠንቷል። ይህን ቁጥር ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። እዚህ ካለቁ የሚተካቸው የለም።

ስለዚህ ሜዳው አምባዛንና ቆሮሶን በቀጥታ ይጠቅማል። ነጭ ዓሣን የሚጠቅመው በዙሪያ ነው። ጎርፉ ሜዳ ላይ ሲተኛ የተሸከመውን ደለል እዚያው ያራግፋል፤ ጠጠሩን የሚያለብሰው ጭቃ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው ለሰው በግልጽ መናገር ይገባል። «ሜዳ ስንከፍት ዓሣ ሁሉ ይመለሳል» ብሎ ቃል የገባ ሰው በሁለተኛው ዓመት ሰሚ አያገኝም።

የእኛ ጅረት ችግር ከሩቅ ይታይ ነበር። በየዓመቱ ከውስጡ የሚጠረገው አፈር ግራና ቀኝ ዳሩ ላይ ተቆልሎ ግድብ ሆኖ ነበር። ውሃው ታጥሮ በፍጥነት ይወርድ፣ ወለሉን እየቆፈረ ወደ ታች ይሰምጥ ነበር። ሜዳው ክረምትም ደርቆ ይውል፣ ታች ያሉት መንደሮች ደግሞ በአንድ ሌሊት ይጥለቀለቁ ነበር። እዚሁ ፎገራ ባሉት ትልልቅ ረግረጎች፣ በሸሸርና በወላላ ላይ የደረሰውም ከዚህ ብዙ አይለይም። ውሃው መንገዱን አጣ፣ መሬቱ ታረሰ፣ ረግረጉ ጠበበ።

ሥራውን የጀመርነው በመሄድ ነው። በጋ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘን ሜዳውን ዳር እስከ ዳር ዞርነው። አንደኛው አባት በከዘራቸው መሬቱን እየነኩ «ልጄ፣ እዚህ ጋ ድሮ በታንኳ ነበር የምናልፈው» ይሉኛል። የሚያሳዩኝ ቦታ ላይ አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፣ ስንጥቁ እጅ ያስገባል፣ እዚህም እዚያም የደንገል ሥር ቅሪት አለ። ካርታ ላይ የማይታይ ነገር ነው። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ውሃው ራሱ በየት በኩል መውጣት እንደሚፈልግ እያየን እንጨት ተከልን። ለቅየሳው ሁለት ረጃጅም እንጨት፣ ገመድና ውሃ ልክ በቃን። እርከን ሲሠራ የኖረ ገበሬ ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ምንም ሳትቆፍሩ ውሃውን ተከተሉት።

ከዚያ ግድቡን በሁለት ቦታ ዝቅ አደረግነው። ሙሉውን አላፈረስንም፤ ገንዘቡም አልነበረንም፣ አስፈላጊም አልነበረም። ሁለት አፍ ብቻ ከፈትን፣ አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከታች። ዋናው የታችኛው ነው። ጅረቱ ሲሞላ ውሃው በታችኛው አፍ ወደ ኋላ እየተገፋ ቀስ ብሎ ሜዳው ላይ ይወጣል። ረጋ ያለ ስለሆነ አሸዋ ይዞ አይገባም፣ ዓሣውም ሳይታገል ይከተለዋል። የላይኛውን አፍ ከፍ አድርገን ተውነው፤ ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ ብቻ ነው የሚቀበለው። እሱ ዝቅ ቢል ኖሮ ጅረቱ ደለሉን ይዞ በዚያ ይገባና ሜዳውን በጥቂት ዓመት ይሞላው ነበር። ሁለቱንም አፍ በድንጋይ አነጠፍን፣ ጠርዙ ላይ ቬቲቨር ሣር፣ ከጅረቱ ጎን አሃያ ተከልን። አሃያ ቅርንጫፉን ቆርጠህ ብትሰካው ይበቅላል፣ ሥሩ ዳሩን ይይዛል፣ ጥላው ውሃውን ያቀዘቅዛል። ባሕር ዛፍ እንትከል ያሉ ነበሩ፤ እዚያ ቦታ ላይ በፍጹም አልስማማም አልኩ።

ከሁሉ በላይ የተጨነቅንበት መውጫው ነው። ውሃ ወደ ሜዳ ማስገባት ቀላል ነው። መስከረም ላይ ውሃው ሲሸሽ ጫጩቱ ካልወጣ ግን ሜዳው መቃብር ይሆናል። ጉድጓድ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀርና ወይ ይደርቅበታል ወይ ወፍ ይለቅመዋል። ስለዚህ ከሜዳው እጅግ ዝቅተኛ ቦታ ተነሥተን እስከ ታችኛው አፍ ድረስ ጥልቀት የሌለው ቦይ ቀደድን። ቀስ በቀስ ዝቅ እያለ የሚሄድ፣ የትም ቦታ ላይ ደረጃ የሌለው። ውሃው ማጠሩ ሲሰማው ዓሣው ራሱ ወደዚያ ይሰበሰባል። በአጎበር ጨርቅ በተሠራች ትንሽ መረብ መውጫው ላይ እየጨለፍን እናይ ነበር። ጣት የሚያካክሉ የአምባዛ ልጆች እየተርመሰመሱ ሲወርዱ ያየ ገበሬ ከእኔ ስብከት በላይ ያ አሳምኖታል።

ገበሬው ግን ገና ከጅምሩ እሺ ያለው በዓሣ አይደለም፤ በሣር ነው። የፎገራ ላም ወተቷ የታወቀ ነው፤ የኖረችውም በዚህ ሜዳ ሣር ነው። የወል ግጦሹ ወደ ሩዝ ማሳነት እየተቆረሰ ሲሄድ ከብቱም አብሮ ቀነሰ። ስብሰባ ላይ ስለ ዓሣ ስናገር ሁሉም ዝም ብሎ ይሰማኛል፣ ከዚያ ይበተናል። አንዲት እናት ናቸው ነገሩን የገለበጡት። «ውሃው ከተኛ ሣሩ ይመለሳል ማለት ነው?» አሉ። አዎ አልኩ። ከዚያ በኋላ ውይይቱ ሌላ ሆነ። ከጅረቱ ዳር ዳር ያለው ቁራጭ መሬት እንዲለቀቅ፣ ለቀቅ ያደረገው ሰው ጥቅምት ላይ ከሚታጨደው ሣር ቅድሚያ እንዲያገኝ፣ ከብት ክረምት ላይ እንዳይገባና እየታጨደ እንዲወሰድ ተስማማን። ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ የሚዘሩም አሉ፤ ባሕር ሸሽ እርሻን ለለመደ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

የወባ ጥያቄ ተነሣ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ፎገራ ውስጥ ክረምት ሲወጣ ወባ እንዴት እንደምትጥል ሁላችንም እናውቃለን። «ለዓሣ ብለህ ልጆቼን ልታስጨርስ ነው?» ላለኝ አባት የምመልሰው ባዶ ማጽናኛ ሊሆን አይገባም። ከመኖሪያ ቤት የራቀውን ክፍል ብቻ መረጥን። መውጫው ቦይ ውሃው ታቁሮ እንዳይቀር ይሠራል፤ ዓሣም የትንኝ እጭ ይበላል። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተነጋግረን የአጎበሩን ነገር በዚያው ሰሞን እንዲያጠብቁት ተደረገ። ይህ ሳይሆን ማንም ቢለምነኝ ሥራውን አልጀምረውም ነበር።

አንድ ዓመት ላይ አንገት የሚያስደፋ ነገር ገጠመን። ጎርፍ ለመከላከል ተብሎ ከአንድ መሥሪያ ቤት እስካቫተር ተላከ። ጅረቱን ጠረገና አፈሩን ሁለቱም አፎች ላይ ቆለለው። ማንም አልጠየቀን፣ እኛም የደረስነው ካለቀ በኋላ ነው። የኦፕሬተሩ ጥፋት አይደለም፤ የታዘዘው ስንት ሜትር እንደጠረገ ሪፖርት እንዲያደርግ ነው። የተቆጣሁት ሰው ሁሉ ደክሞ የሠራውን ነገር በአንድ ከሰዓት በማጣቱ ነው። በደቦ መልሰን ከፈትነው። ያን ጊዜ ነው የቃል ስምምነት እንደማያዋጣ የገባን። የሁለቱ አፎች ቦታና ከፍታ፣ የመሬቱ ወሰን፣ የሣሩ ክፍፍል በቃለ ጉባኤ ተጽፎ፣ ቀበሌው ማህተም አድርጎበት፣ ጎርፍ ለሚመለከተው ክፍል ሁሉ ግልባጭ ገባ። ታች ያሉት መንደሮችም ፈርመዋል። ሜዳው ውሃ ሲይዝ ለእነሱ የሚደርሰው ጎርፍ እንደሚለዝብ ራሳቸው አይተዋል።

ከዚያ ቀጥሎ በመጣው ክረምት፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ሌሊት ባትሪ ይዘን ታችኛው አፍ ጋ ቆምን። ውሃው ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ያልፋል። መጀመሪያ ሣሩ ሲንቀሳቀስ ነው የምታየው። ከዚያ ጥቁር ጀርባ ከውሃው ወጣ ይላል፤ አምባዛው ጥልቀት ስለሌለው በሆዱ እየተሳበ ነው የሚገባው። ጢሙ ሣሩን ይዳስሳል። ሁለት ሦስት ሆነው ይጠማዘዛሉ፣ ውሃው ይንቦጫረቃል፣ ከዚያ ጸጥ። ጠዋት ስንመለስ ሣሩ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያካክል አረንጓዴ ቢጤ እንቁላል ተለጥፎ አገኘን። አንዱን ዘለላ ቆርጬ በብርሃን ሳየው ውስጡ ነጥብ ይታያል። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። አብረውኝ የነበሩት ልጆችም እንደዚያው።

እነዚያ ልጆች ድሮ እዚያው ቦታ መረብ የሚዘረጉት ናቸው። ዓሣው በጠባብ አፍ የሚገባ ከሆነ ማጥመዱ እጅግ ይቀላል፤ ሜዳ መክፈት ብቻውን ለአጥማጁ ወጥመድ ሠርቶ እንደመስጠት ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ሌሊት ውሃ ውስጥ ለቆመ ልጅ ግን አዋጅ ሩቅ ነው። የያዘው ራሳቸው ያወጡት ደንብ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አፎቹ አካባቢ መረብ የለም፤ ጥቅምት ከገባ በኋላ ጅረቱ ውስጥ ተራ በተራ ያጠምዳሉ። ብርብራ የሚባል ነገር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ክልክል ነው። የዛፉን ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መበተን ትልቁንም ትንሹንም፣ ዓሣው የሚበላውን ነፍሳትም ጭምር ይገድላል። ይህን የሚጠብቁት አሁን ከእኔ ይልቅ እነሱ ናቸው። በዚህ እኮራባቸዋለሁ።

ያላለቀልን ብዙ አለ። ከላይ ተራራው ላይ እርከኑ ካልተጠገነ ደለሉ አይቆምም። የነጭ ዓሣ መራቢያ የሆነው ጠጠርና አሸዋ ለግንባታ በመኪና እየተጫነ ነው፤ ይህን በአንድ ቀበሌ ደንብ ማስቆም አይቻልም። ሩዝ ማሳ ላይ የሚረጨው የአረም መድኃኒትም ያሳስበኛል። ከውሃው ዳር ያሉት ገበሬዎች በእጅ ለማረም ተስማምተዋል፤ ጉልበት ይፈልጋል፣ እስከ መቼ እንደሚችሉት እናያለን።

በቅርብ የያዝነው ግን የመንገዱ ቱቦ ነው። ከታችኛው አፍ ዝቅ ብሎ የገጠር መንገድ ጅረቱን ይሻገራል። ቱቦው ከፍ ብሎ ስለተቀበረ ውሃው ከጫፉ ላይ እየዘለለ ነው የሚወርደው። ጅረቱ ጥግ ድረስ ሲሞላ አምባዛው ያልፋል፤ ዝናቡ ዘግይቶ ውሃው አነስ ያለ እንደሆነ ግን እዚያው ሥር ይከማቻል። ከቱቦው በታች ድንጋይ ደርድረን ውሃውን በትንሽ በትንሹ ከፍ እያደረግን እስከ ጫፉ ልናደርሰው ነው ያሰብነው። መንገዱን የሚያስተዳድረው ክፍል ፈቅዷል፣ ድንጋዩ ተቆልሏል። ሰኔ ሳይገባ ማለቅ አለበት።