የጫማ ካርቶኑ
ኧረ ዛሬስ ጉድ ነው! ጎንደር አዘዞ አንድ ሃይስኩል ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ስለ ስነ ተዋልዶ ጤና ላወራ ሄጄ ማንም እጁን አያወጣም፣ ወንዶቹ ከኋላ ይሳሳቃሉ ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፣ በቃ የጫማ ካርቶን አስቀምጬ ስም ሳትጽፉ ጠይቁ ስላቸው ሞላ! «አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ይረገዛል ወይ» የሚለው ስንት ወረቀት መሰላችሁ። አዎ ይረገዛል፣ ፖስት ፒልም (ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠው የእርግዝና መከላከያ ኪኒን) ቶሎ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው የሚወሰደው፣ ኤችአይቪን ግን አይከላከልም፣ ለሱ ኮንዶም ነው አልኳቸው (መምህሩ ይሄኔ በመስኮት ውጭ ውጭውን ማየት ጀመረ ሃሃ)። ማታ ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ የተረፉትን ሳነብ አንዷ «ፔሬድ ሲመጣ ሞዴስ ስለሌለኝ ከክፍል እቀራለሁ፣ ለእማዬ እንዴት ልንገራት» ብላለች። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። እኔስ መች ነገርኳት ለእናቴ። ነገ ሞዴስ ገዝቼ ተመልሼ እሄዳለሁ።