ኮሚቴው አንድ ቀስት ፈለገ

ድሬዳዋ ቁጭ ብላችሁ ስለ ነርቭ ሕዋስ ቴሲስ ልትጽፉ ካሰባችሁ ይህን አንብቡት። እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ፎስፎሪሌሽን፣ ማለትም ኪናዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ማስቀመጣቸው፣ የካልሲየም ቻናሎችን (ካልሲየም የሚያስገቡትን በሮች) በነርቭ ሕዋስ ሽፋን ላይ እንዴት ያንቀሳቅሳቸዋል? እንዴትስ አንድ ላይ ያከማቻቸዋል? ከሕዋሱ ውጭ ያለው ካልሲየም ውስጥ ካለው 10,000 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ቻናሉ ሲከፈት ካልሲየሙ ይገባል፣ መልእክት አስተላላፊው ኬሚካልም ይለቀቃል። ግን የገባው ካልሲየም ከቻናሉ ትንሽ ራቅ ሲል መጠኑ ወዲያው ይወርዳል። ስለዚህ ቻናሉ የት እንደቆመ ማወቅ ስንት ቻናል እንዳለ ከማወቅ አያንስም።

አንድን ቻናል ለይቶ የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ የለንም። የታተሙ ጥናቶችን ሰበሰብኩ፣ በፓይተን ሞዴል ሠራሁ። የማሠራው ንጋት ላይ ነው፤ ከሰዓት የድሬ ሙቀት ላፕቶፑንም ሰውንም ያደክማል። መብራት ሲሄድ ሥራው እንዳይጠፋ ውጤቱ በየመሐሉ ፋይል ላይ እንዲቀመጥ አደረግኩ። ይህን ሁሉ ያለችግር ጨረስኩ።

ጣጣው የመጣው ፕሮፖዛሉ ላይ ነው።

ቅጹ ላይ "መላምት" የሚል ሳጥን አለ። መመሪያው አንድ መላምት፣ አንድ አቅጣጫ ይላል። ገምጋሚው ወረቀቴን አገላብጠው፣ "እህቴ፣ ቁርጥ ያለ ነገር ጻፊ። ያሰባስባል ወይስ ይበትናል?" አሉኝ። "እንደ ኪናዙና እንደ ቦታው ነው፣ ጋሼ" አልኩ። "እንደ ቦታው የሚባል መላምት የለም" ብለው መለሱት። አስተካክዬ አመጣሁ፣ አሁንም ተመለሰ። ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ፤ ምክንያቱም ባዮሎጂው ራሱ አንድ አቅጣጫ የለውም።

ካቭ 2.2 የሚባለውን ቻናል ውሰዱ። ይህ ቻናል ሲንታክሲንና ስናፕ-25 ከሚባሉ ፕሮቲኖች ጋር የሚጣበቅበት ክፍል አለው። ኪናዝ ሲ ወይም ካም ኪናዝ 2 እዚያ ላይ ፎስፌት ሲያስቀምጡ ማጣበቂያው ይላላል። ሲዲኬ 5 የሚባለው ኪናዝ ደግሞ ያንኑ ቻናል ሌላ ቦታ ላይ ፎስፌት ሲያስቀምጥበት ሪም 1 ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ያለው ትስስር ይጠነክራል። ቻናሉ አንድ ነው፣ የሚጨመረውም ያው ፎስፌት ነው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ሌላም አለ። ኬቪ 2.1 የሚባለው የፖታሲየም ቻናል ፎስፌት እስካለው ድረስ በክምችት ይቀመጣል፣ በአቅራቢያውም ካቭ 1.2 የሚባለውን የካልሲየም ቻናል ያሰባስባል። ካልሲኒዩሪን የሚባለው ኢንዛይም ፎስፌቱን ሲያነሳለት ይበተናል። ታዲያ በየትኛው በኩል ነው አንድ ቀስት የምስለው?

በዚህ ላይ "የናሙና ብዛት" የሚል ሳጥን መጣ። ለመጠይቅ ጥናት የሁላችንም ቀመር የሚያወጣት 384 ትታወቃለች። ለሞዴል 384 ሰው ከየት ይምጣ? የሚያሳዝነው፣ ጥያቄው በትክክል ቢጠየቅ ኖሮ ጥሩ ጥያቄ ነበር። ከአንድ ሕዋስ የተገኘ አንድ ሺህ የእንቅስቃሴ መስመር አንድ ሺህ ናሙና አይደለም፤ መቆጠር ያለበት ሕዋሱ ነው። ይህን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። የጠየቁኝ ሳጥኑ ባዶ ስለሆነ ነው።

በመጨረሻ ሰንጠረዥ ሠራሁ። በየረድፉ ቻናሉን፣ ኪናዙን፣ ፎስፌቱ የሚያርፍበትን ቦታ፣ የሚጣበቀውን ፕሮቲንና የምጠብቀውን አቅጣጫ አሰፈርኩ። መላምቱ ሳጥን ውስጥ "አቅጣጫውን የሚወስነው ፎስፌቱ ያረፈበት ቦታ ነው" ብዬ ጻፍኩ። አለፈ። ሐሳቤን ሳልሸራርፍ በማሳለፌ ዛሬም እኮራለሁ። መመሪያው ሰንጠረዡን አባሪ ላይ አድርጉ ይላል። አትስሙት፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ አድርጉት።

ሞዴሉ ካስተማረኝ ትልቁ ነገር፣ መንቀሳቀስና መከማቸት ለየብቻ መለካት እንዳለባቸው ነው። ቻናል ክምችቱን ሳይለቅ ውስጡ ሊዘዋወር ይችላል፤ ሰው ቀፊራ ገበያ ውስጥ ሲዞር ውሎ ከገበያው እንደማይወጣው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናትም በነርቭ ጫፍ ላይ ያሉ ብዙ የካልሲየም ቻናሎች በጠባብ ክልል ውስጥ እንደሚንቀሳቀሱ አሳይቷል። በእኔ ሞዴል ማጣበቂያውን ትንሽ ሳላላው መጀመሪያ የሚለወጠው እንቅስቃሴው ነበር፤ ክምችቱ የሚፈርሰው ዘግይቶ ነው። ክምችቱን ብቻ ብለካ ኖሮ ፎስፌቱ ምንም አላደረገም ብዬ እጽፍ ነበር።

ፎስፋቴዙንም አትርሱ። ብዙ ፕሮፖዛል ላይ ኪናዝ ብቻ ይጻፋል፣ ፎስፌቱን የሚያነሳው አይጠቀስም። እ.ኤ.አ. የ1992 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለሳይንቲስቶቹ ለፊሸርና ለክሬብስ የተሰጠው ፎስፎሪሌሽን ተመላሽ መሆኑን በማሳየታቸው ነው። እኔ የሚያነሳውንም ለብቻው አምድ ሰጠሁት፤ ዲፌንሱ ላይ ከመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ የተመለሱት ከዚያ አምድ ነው።