ያልወጣሁባቸው ቅዳሜዎች

ነሐሴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

ዛሬ ወደ እንጦጦ አልወጣሁም። የሥራ ባልደረባዬ ረፋዱ ላይ ደውላ ቤት መሆኔን ስትሰማ "ምነው፣ ሰነፍሽ እንዴ?" አለችኝ። በፍቅር የተባለ ነገር ስለሆነ አልተቀየምኳትም፤ ቃሉ ግን ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። የተራራ ብስክሌት መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ቅዳሜዎች አምልጠውኛል። ስንፍና የወሰደብኝ ከመካከላቸው እጅግ ጥቂቶቹን ነው። የቀሩት የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ አንዳንዱን ምክንያት አከብረዋለሁ፣ አንዳንዱ ደግሞ እስካሁን ያንገበግበኛል። ዛሬ ጊዜ አለኝና ለይቼ ልጻፋቸው።

አስቀድሜ ቅዳሜ ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳሳኝ ልናገር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ገደማ እስከ 1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች። ከቢሮ 11 ሰዓት ተኩል ወጥቼ፣ ታክሲ ተሰልፌ ሽሮ ሜዳ እስክደርስ ይመሻል። እሑድ የቤተ ክርስቲያንና የቤተሰብ ነው። ለተራራው የሚተርፈው በሳምንት አንድ ጠዋት ብቻ ነው፤ እርሱ ካለፈ ሳምንቱ እንዳለ አለፈ።

ከጭቃው ልጀምር፤ የዛሬውም ምክንያት እርሱ ነውና። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት በኋላና ሌሊት ስለሆነ፣ ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ብሩህ ሆኖ ይነጋል። ነጂን የሚያታልለውም ይኸው ብሩህ ጠዋት ነው። ሰማዩ ቢጠራም መሬቱ የሌሊቱን ውኃ ይዞ ተኝቷል። በባሕር ዛፉ መካከል የሚያልፈው ቀጭን መንገድ ቀይ ሸክላ አፈር ነው፤ ሲርስ ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ በጎማውና በፍሬሙ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል፣ በመጨረሻም መንኮራኩሩን አላዞር ይላል። ብስክሌቱን ተሸክሞ መመለስ ነው እንግዲህ። ጭቃው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ሰንሰለቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ ብረቱን ይሞርደዋል፤ የፍሬን ሸራውም፣ በተለይ ለስላሳው ዓይነት፣ ደረቅ መሬት ላይ ወራት የሚቆየው በጥቂት ጭቃማ ቁልቁለቶች ያልቃል።

ይሁንና የሚያስቀረኝ የሰንሰለትና የሸራ ወጪ ብቻ አይደለም። እርጥብ ሸክላ ላይ የሚያልፍ ጎማ ቦይ ይቀድዳል። የሚቀጥለው ዝናብ ያንን ቦይ አግኝቶ በእርሱ ይወርዳል፣ ያሰፋዋል፣ ያጠልቀዋል፤ ክረምቱ ሲወጣ መንገድ የነበረው ገደል ሆኖ ይገኛል። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ከእንጦጦ ይወርዳሉ። ፊታቸውን ቀና አድርገው ማየት የማይችሉት ከሸክሙ የተነሣ ነው፤ የሚያዩት የሚረግጡትን ብቻ ነው። መንገዱን በእግራቸው ያበጁት እነርሱ ናቸው፤ እኔ የመጣሁት ኋላ ነው። እኔ ለአንድ ሰዓት ደስታ የቆፈርኩት ቦይ ውስጥ የእነርሱ እግር እንዲገባ አልፈልግም። ስለዚህ አፈሩ በጣት ሲጫኑት ጣት የሚያረጥብ ከሆነ አልነዳም፤ ቢያምረኝም አልነዳም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ምክንያት አለ። ወር በገባ በ16 የኪዳነ ምሕረት፣ በ21 የማርያም ቀን ነው። እነዚህ ቀናት ቅዳሜ ላይ ሲውሉ የእንጦጦ መንገድ በምዕመናን ይሞላል፤ ነጠላ ያጣፉ አረጋውያን፣ የጠበል ጄሪካን የያዙ፣ ሕመምተኛ የሚደግፉ። አንዳንዶቹ ከከተማው ዳርቻ በእግራቸው የመጡ ናቸው። ለስለት የሚወጣን ሰው በፍጥነት ሽው ብሎ ማስደንገጥ ነውር ነው፤ ከዚህ የሚለዝብ ቃል ልፈልግለት አልሻም። በእነዚያ ቀናት ወይ በእግሬ እወጣለሁ፣ ወይ ቤቴ እውላለሁ።

ቀጥሎ ለቅሶ ነው። ስልኩ የሚመጣው አርብ ማታ ወይም ሌሊት ነው። ብስክሌት ልነዳ ስለነበር ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ ማለት በእኛ አገር የሚታሰብ አይደለም፤ እንዲታሰብም አልፈልግም። ባለፈው ግንቦት የጎረቤታችን ባል ያረፉት አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ነበር። ከእድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር መጥቶ ግቢው ሲጠብ፣ በረንዳ ላይ የሰቀልኩትን ብስክሌት አውርጄ ወደ መኝታ ቤት አስገባሁት። እማማ ከቀብር መልስ፣ ፍራሽ ላይ እንደ ተቀመጡ፣ በዚያ ሁሉ ሐዘን መካከል እጄን ይዘው "ልጄ፣ ዛሬ ቅዳሜ አይደለም እንዴ? ተራራሽ ቀረብሽ አይደል?" አሉኝ። "ዛሬ እርስዎ ጋር ነኝ፣ እማማ" አልኳቸው። ያን ጠዋት እንዳመለጠኝ አድርጌ ቆጥሬው አላውቅም።

ሕመምም አለ። እዚህ ብዙ መቆየት አያስፈልገኝም። ጉንፋን ሲይዘኝ ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ቀላል መለያ እከተላለሁ፤ ሕመሙ ከአንገት በላይ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ንፍጥና ማስነጠስ ከሆነ፣ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ይቻላል፤ ደረት ከገባ፣ ትኩሳት ወይም የሰውነት ቁርጥማት ካለ ግን ዕረፍት ነው። በትኩሳት ላይ መድከም የልብ ጡንቻን እስከ ማሳበጥ ሊያደርስ ይችላል። የእንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛውን እምብዛም አይበልጥም። ጤነኛ ሳንባ እንኳ ዳገቱ ላይ ይለምናል።

ሰዎች ጾሙን ደግሞ እንደ ምክንያት ይጠቅሱልኛል። ለእኔ ሆኖብኝ አያውቅም። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ቢሆንም፣ ከቀዳም ስዑር በቀር፣ ቅዳሜና እሑድ እንደ ሌላው ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጾምም፤ ከሥጋና ከወተት መከልከል እንጂ እህል መቅመስ አይከለከልም። በሶ በውኃ በጥብጬ፣ ትንሽ ስኳር ጨምሬ በውኃ መያዣዬ እይዛለሁ፤ ከመደብር ከሚገዛ ማንኛውም የኃይል ምግብ ይልቅ ዳገቱን ያወጣኛል።

እስካሁን የጻፍኳቸው ቀናት አይቆጩኝም። አሁን ወደሚቆጩኝ ልለፍ።

ባለፈው ኅዳር፣ አፈሩ በደረቀበትና አየሩ በጠራበት፣ ለነጂ ከዓመቱ ሁሉ ምርጥ በሆነው ጊዜ፣ ሣር የሸፈነው የባሕር ዛፍ ጉቶ የኋላ ማርሼን መታው። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከሥሩ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ ጉቶው በየቦታው አለ። ማርሽ መቀየሪያው ራሱ ደኅና ነበር። የተሰበረችው እርሱን ከፍሬሙ ጋር የምታያይዘው፣ ከጣት የማትረዝም የአሉሚኒየም ቁራጭ ነበረች። ሆን ተብሎ ደካማ ተደርጋ የተሠራች ናት፤ ምት ሲመጣ እርሷ ተሰብራ ፍሬሙን እንድታድን። ብልህ አሠራር ነው፤ ምትክ እስካለ ድረስ። ችግሩ እያንዳንዱ ፋብሪካ፣ ከዚያም አልፎ እያንዳንዱ ሞዴል፣ የራሱ ቅርጽ ያለው ቁራጭ መጠቀሙ ነው። በዓለም ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ዓይነት አለ፤ የአንዱ ለሌላው አይገጥምም።

መርካቶ ሄጄ መለዋወጫ የሚሸጡትን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። የሚያስመጡት በብዛት የሚሸጠውን ነው፤ የልጆች ብስክሌት ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ፔዳል፣ ሰንሰለት። አልፈርድባቸውም። ከ2016 ሐምሌ ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ጨምሯል፤ ለአንዲት ደንበኛ አንዲት ቁራጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ከየት ይመጣል? ከውጭ የሚመጣ ዘመድ መጠበቅ ጀመርኩ። ጥቅምትን ጠግቤ የነዳሁበት መንገድ ከመስኮቴ እየታየኝ፣ ኅዳር አለፈ፤ ታኅሣሥም ተከተለ። ልቤን ያሳዘነው ይህ ነው። ዝናብ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ ሕመም የለ፤ የጠፋው ጥቂት ግራም የሚመዝን ብረት ነው።

ያዳነኝ ሰፈራችን ያለ ቶርኖ ቤት ነው። ባለሙያው የተሰበረችውን ቁራጭ ገጣጥሞ በካርቶን ላይ ቅርጿን ነደፈ፤ ከአሉሚኒየም ሳህን ቆርጦ በሞረድ አለሰለሳት። ከዚያ ቀዳዳዋ ላይ ደረስን። ለ10 ሚሊ ሜትር ብሎን በአገራችን የተለመደው የጥርስ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የማርሽ መቀየሪያ ብሎን ግን 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ደቃቅ ጥርስ ይፈልጋል። ያንን የሚያወጣ መሣሪያ አልነበረውም። "እኅቴ፣ በግድ ብትገባ ጥርሱን ትበላዋለች፤ ታገሺኝና ላፈላልግ" አለኝ። ከአንድ የሞተር ሳይክል ጥገና ቤት ተውሶ አመጣ። ፍሬሙ ላይ ስትገጥም ወደ ኋላ ራቅ ብሎ በአንድ ዓይኑ እያየ፣ ማርሹ ቀጥ ብሎ መቆሙን አረጋግጦ ፈገግ ሲል ልስመው ምንም አልቀረኝም። ቁራጯ እስከ ዛሬ አለች። ከውጭ የመጣችው ኦሪጅናል በመሳቢያ ተቀምጣለች።

የአየር መሙያው ጉዳይም የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። የተራራ ብስክሌት ከመነዳሪ ብዙውን ጊዜ አፉ ቀጭን ነው፤ የጎሚስታ መንፊያ ደግሞ የመኪናን አፍ ብቻ ያውቃል። ሁለቱን የምታገናኝ የነሐስ ቀለበት ኪስ ውስጥ ከሌለች ጎማ እያለ፣ አየር እያለ፣ ጠዋቱ ይቀራል። እኔ የእኔን ከቤት ቁልፌ ጋር አስሬያታለሁ።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን ጓደኛ ማጣት ነው። ወንዶች ነጂዎች "ለምን ብቻሽን አትወጪም?" ይሉኛል። ክፉ አስበው አይደለም፤ ጫካ ውስጥ ብቻዋን ያለች ሴት ምን እንደምታስብ አያውቁም። ጅቡ አይደለም የሚያስፈራኝ፤ ጅብ ሲነጋ ወደ ዋሻው ይገባል። በ2013 መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ ጥበቃ ስላለ ብቻዬንም ብሆን እነዳለሁ፤ ለብስክሌት የተዘጋጀ መንገድም አለው። እኔ የምወዳቸው ረጃጅም መንገዶች ግን ከአጥሩ ውጭ ናቸው፤ በሸንተረሩ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ በኩል፣ ገብስ ማሳ እያቋረጡ የሚሄዱት። እዚያ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት መሆን አለብን። አንዷ ወድቃ ብትጎዳ አንዷ አጠገቧ ትቆያለች፣ ሦስተኛዋ ሰው ትጠራለች።

ስለዚህ አርብ ከምሽቱ 3 ሰዓት "ነገ አልችልም፣ ልጄን አተኮሳት" የሚል መልእክት ሲደርሰኝ የእኔም ጠዋት አብሮ ይሰረዛል። እናት ናትና ልክ ናት። እኔ በእርሷ ቦታ ብሆን ያንኑ እጽፍ ነበር። ሆኖም ሴት ነጂዎች ጥቂት በመሆናችን ብቻ የአንዷ ልጅ ትኩሳት የሁላችንን ቅዳሜ ይዞ መሄዱ አግባብ አይመስለኝም። በዚህ ከተማ ብስክሌት የሚወዱ ልጃገረዶች አሉ፤ በፓርኩ ውስጥ በኪራይ ብስክሌት ሲነዱ አያቸዋለሁ፣ ሲስቁ እሰማቸዋለሁ። የጎደለው ከአጥሩ ውጭ አብራቸው የሚሄድ ሰው ነው።

ይህን ክረምት በእነዚህ በሁለቱ፣ በመለዋወጫውና በጓደኛ ማጣቱ ላይ እየሠራን ነው። አብረን የምንነዳውን የሦስታችንንም ብስክሌት ወደ ቶርኖ ቤቱ ወስደን ባለሙያው የየአንዳንዱን የማርሽ ማያያዣ ቅርጽ በካርቶን ነድፎ አስቀርቷል፤ ሁለት ሁለት እንዲሠራልን ቀብድ ከፍለናል፣ ያንን ደቃቅ ጥርስ የሚያወጣውን መሣሪያም ገንዘብ አዋጥተን ገዝተን ሰጥተነዋል። ከፓርኩ ነጂዎች ሁለት ወጣቶች ከመስቀል በኋላ፣ አፈሩ ሲጠና፣ አብረውን ሊወጡ ተስማምተዋል፤ አንደኛዋ የወንድሟን ብስክሌት ትዋሳለች፣ ለሌላዋ እየፈለግን ነው። የምንደዋወልበትን ቀን ከአርብ ወደ ሐሙስ አዛውረነዋል፤ አንዷ ካልቻለች ሌላዋን ለማግኘት አንድ ሙሉ ቀን ይኖረናል። የፊታችን ሐሙስ የመደወል ተራው የእኔ ነው።